ነጩ ጣራ እንዴት ቀላ

አርክቴክቷ ሰው የምትንቀው አስባበት አልነበረም፤ ንቀቷ ጠዋት አብሯት ይነሳል፣ ማታ አብሯት ይተኛል። ጥርሷን እየቦረሸች በአራተኛ ፎቅ መስኮቷ ቁልቁል ስታይ፣ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጎማውን ይዞ የግቢውን ሲሚንቶ ውሃ ያጠጣል። «አጠጣው፣ አጠጣው፤ ይበቅልልህ ይሆናል» ትላለች፣ አፏ አረፋ እንደሞላ። አጠገቡ የአንደኛ ፎቋ ሴትዮ፣ ግቢው በሙሉ «ሬዲዮ» የሚላት፣ ወገቧን ይዛ ታወራለች። «ይቺ ደግሞ ገና ሳይነጋ ስርጭት ጀመረች።» ከዚያ ተጉመጥምጣ ትተፋለች። የምትተፋው ውሃውን ይሁን ሰዎቹን ለማወቅ ያስቸግራል።

እነሱ በበኩላቸው «ኢንጂነር» ይሏታል። አርክቴክት እንጂ ኢንጂነር አለመሆኗን የነገረቻቸው ገና ወደ ሕንፃው የገባች ሰሞን ነው። ልዩነቱን ረጋ ብላ፣ በምሳሌ አስረዳች። ሰብሳቢው አንገቱን ሰበር አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማትና «ገባኝ፣ ኢንጂነር» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዚህ ግቢ ሰው ዳግመኛ ምንም ነገር ላታስረዳ ለራሷ ቃል ገባች።

ሥራዋን ግን ታውቃለች፤ ይህን ጠላቶቿም አይክዱም። ከተማ ለምን እንደሚግል፣ አስፋልቱና ጣራው ቀን የጠጡትን ፀሐይ ሲመሽ እንዴት መልሰው እንደሚተፉት፣ ሕንፃ ያለ ማቀዝቀዣ ማሽን እንዴት እንደሚበርድ በየአዳራሹ እየተጋበዘች ትናገራለች። ደንበኞቿንም ትንቃለች፤ በዚህ በኩል አድልዎ የለባትም። በቅርቡ የጨረሰችው ሕንፃ ባለቤት ከላይ እስከ ታች መስታወት አልብሱልኝ ብሎ፣ በሩ ላይ ሁለት የአበባ ማሰሮ ደርድሮ፣ «በቃ፣ አረንጓዴ ሕንፃ ሆነ አይደል?» ያለ ሰው ነው። ጣራውን ፀሐይ መላሽ ነጭ ቀለም እንዲያስቀባ ያሳመነችው በእውቀት እንዳይመስላችሁ። «ጎረቤትዎ ሊያስቀባ ነው አሉ» አለችው፤ ውሎ ሳያድር ጎረቤቱን ቀደመ። በዚህ ብዙ ሳቀች። ከጣራው የተረፈው ቀለም ግን አላሳቃትም፤ ባልዲ ባልዲውን ለምና ተቀብላ በመኪና አስጭና ወደ ሰፈሯ አመጣችው።

ቀለሙን የፈለገችው ለአባቷ ነው። አባቷ ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ፣ ከዚያ ሁሉ ግፊያና ጩኸት ከሰው ሳይጣላ የወጣ፣ ልቡ የደከመ ሽማግሌ ነው። ሐኪሙ «ለዚህ ልብ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው» ብሎ አስጠንቅቋታል። እነሱ የሚኖሩት ደግሞ ቆርቆሮው ሥር ነው፤ በዛገው ቆርቆሮና በራሳቸው መካከል ያለችው አንዲት ስስ ኮርኒስ ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይግላል፤ ማራገቢያው የጋለውን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል፤ አባባ በካናቴራ ሆኖ እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ይቀመጣል። ዘንድሮ የሚመጣው ሙቀት ከአምናው የባሰ ነው ተብሏል። ጣራው በጊዜ ነጭ ካልሆነ አባቷ በጋውን እንደማይዘልቀው ታውቃለች። ይህን ስታስብ ንቀቷ ሁሉ ጥሏት ይሄዳል፤ ፍርሃቷን ብቻ ታቅፋ ትቀራለች።

ሬዲዮ ግን በዚህም አልማረቻትም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብላ ደረጃው ላይ ስታወራ፣ ወሬው ሳይበርድ አራተኛ ፎቅ ደርሷል።

ጣራው የጋራ ስለሆነ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አይነካም። ስብሰባው የተደረገው ግቢው ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ነው። ሰብሳቢው ከመሥሪያ ቤት በጡረታ ቢወጣም መሥሪያ ቤቱ ከእሱ አልወጣም፤ ሁለት ሰው ቆሞ ካየ አጀንዳ ያስይዛል። «አጀንዳ አንድ፣ የኢንጂነር ቀለም» ብሎ ጀመረ። አጀንዳ ሁለት አልነበረም።

ሬዲዮ እጇን አወጣች። «እኔ የምለው፣ ለምን ነጭ? አቧራው አያሳይም? ርግቡስ የት ሄዶ ሊቀመጥ ነው? በሳምንቱ የወለል ጨርቅ ነው የሚመስለው።»

«እሱስ እውነቷን ነው» አለ ቀለም ቀቢው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ግድግዳ ባየ ቁጥር በጣቱ የሚነካ ሰው ነው። «ነጭ የቀባሁለት ሰው ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ተበላሸ ብሎ ይጠራኛል።»

ጥያቄው የማንኛውም ጤነኛ ሰው ጥያቄ ነበር። መልሱም ከጥያቄው አይረዝምም። አርክቴክቷ ግን በየአዳራሹ በነጻ የምትበትነውን ነገር እዚህ ደረጃ ሥር ማውጣት አስጠላት። ለእነዚህ መናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው አለች በልቧ።

«ስሙኝ» አለች። «ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እናንተ እንድታስቡበት የጠየቃችሁ የለም። ክዳኑን ክፈቱ፣ ቀቡ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ይሄ ያቅታችኋል ብዬ አልገምትም።»

አንዱ ሳል ሳል አለ፤ ሬዲዮ ከንፈሯን ነከሰች። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ኢንጂነር ካለች፣ እሷ የምታውቀው አላት» አለና ስብሰባውን በጭብጨባ ዘጋ። ያጨበጨበው እሱ ብቻ ነው።

ቤት ስትገባ አባቷ በር በሩን እያየ ነበር። «ምን ተባለ?»

«ይቀባል።»

«ነጭ ነው አሉ። እኔም ልጠይቅሽ ነበር እኮ፤ ለምን ነጭ ሆነ?»

«የፊዚክስ ነገር ነው አባባ። ቢነግሩህም አይገባህም፣ ተወው። ብቻ ቤቱ ይቀዘቅዝልሃል።»

አባቷ ትንሽ አሰበ። «ቀለሙ ውስጥ መድኃኒት አለው በይኛ።»

«እንደዚያ በለው» አለችና ስልኳን መነካካት ጀመረች።

ጣራው በሚቀባበት ዕለት ከከተማ ውጭ ሥራ ነበረባት። ከአንድ ደንበኛ ጋር ምሳ ላይ እንዳለች ስልኳ ጠራ። «ድንጋይ አጠጪው» ይላል፤ ሰብሳቢውን የመዘገበችበት ስም ነው። ለደንበኛው አሳይታው ታሪኩን ነገረችውና ተሳሳቁ። «አሁን እኮ ክዳኑ በየት በኩል ነው የሚከፈተው ሊለኝ ነው» አለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፤ እንደገና ጠራ። ድምፁን አጥፍታ፣ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ስለ ነፋስ አቅጣጫ የጀመረችውን ወሬ ቀጠለች።

በማግስቱ ስትመለስ መኪናው ገና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጣራውን አየችው። ጡብ ቀለም ሆኗል። ቀለም ቀቢው ነጩ ውስጥ ከአጥሩ በር ቅብ የተረፈውን ቀይ የቀለም ዱቄት እፍኝ እፍኙን ጨምሮ፣ አማስሎ፣ ጥንቅቅ አድርጎ፣ አንዲት ስንጥቅ ሳታመልጠው ቀብቶታል። ከበሩ ጋር ገጥሟል፤ ከደረጃው መደገፊያ ጋር ገጥሟል። ከታች ነዋሪዎቹ ወደ ላይ አንጋጠው ያደንቃሉ። ያ ከስንት ልመና በኋላ የመጣ ቀለም ከቀድሞው ዝገት የተለየ ሥራ የማይሠራ ልባስ ሆኖ ቀርቷል።

«እንዴት ነው ኢንጂነር?» አላት ሰብሳቢው፤ ፊቱ ምርቃት የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

ደሟ ፈላ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! ማነው ይሄን ያዘዘው? ክፈቱና ቀቡ አይደል ያልኩት? ክፈቱና ቀቡ ውስጥ የቱ ነው የከበዳችሁ?»

«ነጩ እንዳይቆሽሽ ተብሎ...»

«አንተ ዝም በል!» አለችው። በልቧ የፈለገችውን ብትለውም በአፏ እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ ግቢው በሙሉ ክው አለ። «አንተን እንኳን ሕንፃ፣ ዶሮ አያስጠብቁህም! ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ከምታጠጣ ጭንቅላትህን ብታጠጣው ምናልባት ይበቅል ነበር!»

ሬዲዮ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። «ቆይ እንጂ! ስንደውል ስንደውል አንቺ አላነሳሽም፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተን...»

ሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ አስቆማት። «ተዪ። ስህተቱ የኔ ነው» አለ። «ሰብሳቢው እኔ ነኝ።»

«ቢያንስ ይቺን አውቀሃል» ብላው ደረጃውን ወጣች።

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። መስኮቱ ክፍት ነው። «ጮኽሽባቸው» አላት።

«ይሰሙ እንደሆነ ብዬ።»

«ሰዎች እኮ ናቸው ልጄ።»

«ሰው ቢሆኑ ጭንቅላት ይኖራቸው ነበር። ይሄን ቀለም ይሁን ያለው ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ገለባ ነው፤ ገለባ!»

አባቷ ፎጣውን ራሱ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሙቀቱ አድክሞት ነው ብላ ማራገቢያውን ወደ እሱ ጠመዘዘችለት።

ሌላ ቀለም ወዲያው አዘዘች፤ ግን ከሩቅ የሚመጣ ነው፣ ሙቀቱ ቀደመው። ጡቡ ቀለም ያለው ጣራ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐዩን ይጠጣል፣ ከሰዓት በኋላ ኮርኒሱ ላይ እጅ አያስቀምጥም። አባባ ምግብ እየቀነሰ፣ ወሬ እየቀነሰ መጣ። ዘመድ ቤት ልውሰድህ ብትለው «ሰው አላስቸግርም» ይላታል። እሷም በየደረጃው የሚያገኛትን ጎረቤት ሁሉ በግልምጫ ትሸኛለች። ሰላምታቸውን አትመልስም። ሰብሳቢው ግን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ ኢንጂነር» ማለቱን አልተወም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያበሽቃታል።

የዕለታት ሁሉ የባሰው ቀን ሲመጣ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ነበር። ስለ ነጭ ጣራ ነው የምትናገረው፤ አድማጩ ማቀዝቀዣ በተገጠመለት ክፍል ኮቱን ደርቦ ያዳምጣታል። ስልኳ ተንቀጠቀጠ። «ድንጋይ አጠጪው።» ጣቷ እንደ ልማዱ ሊያጠፋው ሄደ፤ ምን እንደያዘው አታውቅም፣ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። አነሳችው።

«አባትሽ ወድቀው ነበር» አላት። «እኔ ቤት ናቸው፤ ነርስ ጠርተናል። ቀስ ብለሽ ነይ፣ አትደንግጪ።»

እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። የሰብሳቢው ቤት ምድር ቤት ነው፤ በሩን አልፋ ገብታ አታውቅም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ አባቷን ከአራተኛ ፎቅ አዝሎ ያወረደው ራሱ ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። አልጋው አጠገብ ያለው መስኮት በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ የሚገባው አየር እንደሌላው አየር አይፋጅም። ውሃ የጠጣ ወለል ሲደርቅ ውሃው ሙቀቱን ይዞ እንደሚሄድ ለተማሪ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት፤ ሰውዬው በየቀኑ ዓይኗ ሥር ሲያደርገው ግን አላየችውም። እሱም ቢሆን ለዚህ ብሎ አልነበረም፤ አቧራ እንዳይነሳ ነው።

አባቷ የሰብሳቢው አልጋ ላይ ተኝቷል። ነርሷ ዕቃዋን እየሰበሰበች «ተርፈዋል» አለች። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው። ከአሁን በኋላ እዚያ ክፍል እንዳይመለሱ።»

ድንጋጤዋ ሲለቃት አርክቴክቷ የምታውቀውን አደረገች፤ የምትቆጣው ሰው ፈለገች። ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሬዲዮና ቀለም ቀቢው አሉ።

«አንተ ነህ!» አለችው። «አባቴን በቁሙ ልትቀቅልብኝ ነበር! በዚያ በደነዘዘ ጭንቅላትህ ቀይ በለው ብለህ...»

ሰብሳቢው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ተይው» አለ አባቷ ከአልጋው። ድምፁ ትንሽ ናት፤ ግን ሁሉም ሰማት። «ተይው ልጄ። ቀይ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ላንቺ ደወሉ፣ አላነሳሽም። ቀለም ቀቢው መሰላሉ ላይ ቆሟል። ምላስሽን ፈሩና ወደኔ መጡ፤ ዱቄቱን በሳህን ይዘውልኝ። ነጩ ይቆሽሻል፣ ከቤት ሰው እንጠይቅ፣ ምን ይሻላል አሉኝ። በጨዋ ደንብ ነው የጠየቁኝ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጡብ ይሁን አልኳቸው። ሰው ሽቅብ ባየ ቁጥር የኢንጂነር ጣራ ቆሸሸ እያለ ስምሽን እንዳያነሳው ብዬ። መድኃኒቱ ቀለሙ ውስጥ ነው መሰለኝ፤ መልኩ ምን ያደርጋል አልኩ።»

ገለባ ያለችው ጭንቅላት ትራሱ ላይ ሆኖ ያያታል። ያንን ስትል ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበሩ፤ አባቷ ስድቡን የሰማው ለራሱ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረውም ለዚህ ነው። ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችው። «እርስዎ» እንደተመለሰ ራሷም አላስተዋለችም።

«ምን ልበልሽ?» አለ ሰብሳቢው። «አባትን በገዛ ልጃቸው አፍ ላሰድብ? እኔ እንኳን ለምጄዋለሁ።»

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰራጭ ነገር በእጇ ይዛ ዝም አለች።

አባቷ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ ልጁን እንድትቀመጥ አመለከታት። የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ በምትንቀው ሰው አንሶላ ላይ፣ ተቀመጠች።

«እስቲ አሁን ንገሪኝ» አላት። «ባይገባኝም ንገሪኝ። ለምንድነው ነጭ የሚሆነው?»

በየአዳራሹ ለዚህ ጥያቄ ሥዕል አላት፣ ሰንጠረዥ አላት፣ ከባባድ ቃላት አሏት። አንዱም አልመጣላትም።

«ነጭ ፀሐይን ይመልሳል» አለች። «ቀይና ጥቁር ይጠጣዋል። የጠጣውን ደግሞ ወደ ታች፣ ወዳንተ ያወርደዋል።»

ከበሩ ላይ ሰብሳቢው ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። «ገባኝ፣ ኢንጂነር» አለ። ቀለም ቀቢው ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን ያዘ።

አባቷ ግን ገና ይጠብቃል። ቀሪውን፣ ከባዱን፣ አይገባህም ያለችውን ነገር ይጠብቃል። እንደማትቀጥል ሲያይ ፊቷን በትኩረት ተመለከታት።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት፣ አባባ።»